ከመጋረጃው ወዲያ

የኢንጂነር እንድሪስን ሞት የሰማሁት ፍላቂት መናኸሪያ ውስጥ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው። ረዳቱ «ጋሸና! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮሃል፤ አምስት ሰው እንደሚጎድለው ደግሞ እሱም እኔም እናውቃለን። ስልኬ ጠራ። የእሳቸው ልጅ ዘሐራ ነበረች። «አባዬ አረፈ» አለች። ቀብሩ መቼ እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ቀበርነው እኮ፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ» አለችኝ። ሙስሊም ሬሳ እንደማያሳድር አውቃለሁ። ቢሆንም ሳልደርስባቸው በመቅረቴ ቆጨኝ። እውነቱን ልናገርና፣ በአንድ በኩል ደግሞ ቀለል ብሎኝ ነበር። ፊታቸውን ሳላይ በመቅረቴ ነው የቀለለኝ።

ጋሸና ላይ መኪና ቀይሬ ወደ ላሊበላ በመታጠፍ ፈንታ ቁልቁል ወደ ወልዲያ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ከእሳቸው በቀር ያሰብኩት ነገር የለም።

እኛ አገር «ኢንጂነር» የሚባለው ማዕረግ ረክሷል። ቦኖ የሚጠግነውም ኢንጂነር ነው፣ ዲሽ የሚያዞረውም ኢንጂነር ነው፤ አንድ የሰፈራችን ሰው የዶሮ ቤት በቆርቆሮ ስለሠራ ብቻ እስከ ዛሬ ኢንጂነር ይባላል። እንድሪስ ግን የምራቸውን ነበሩ። የወሎ ቆላ ተወላጅ ናቸው፤ አጭር፣ ጠቆር ያሉ፣ ሽበታቸው ከጺማቸው የጀመረ። ሥራቸው ገደልን ኮምፒውተር ውስጥ እንደገና ማቆም ነበር። በሦስት እግር ላይ የሚቆም የጨረር መሣሪያ አላቸው፤ ሲያስነሱት ቀስ እያለ ይዞራል። ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ሁሉ አንድ ነጥብ ይሆናል። ነጥቡ በሚሊዮን ሲቆጠር ገደሉ እንዳለ፣ ከነቁጥቋጦው፣ ስክሪኑ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ በጣት ማዞር ነው። ከላይም ከታችም ታየዋለህ፤ ስትፈልግ እንደ ዳቦ ቆርጠህ ውስጡን ትመረምራለህ። ስንጥቁ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ክብደቱ ምን ላይ እንዳረፈ፣ ቢወድቅ ማን ላይ እንደሚወድቅ ከዚያ ያወጣሉ።

ሁለተኛው ሥራ ስንጥቁ ላይ መለኪያ ማሰር ነው። መለኪያው በሽቦ ከአንድ ሣጥን ጋር ይገናኛል። ስንጥቁ ከተወሰነለት በላይ ከተከፈተ ሣጥኑ ሳይረን ያስጮሃል፤ ለእሳቸውም በስልክ መልእክት ይልካል። «ሞዴሉ አእምሮ ነው፣ ሣጥኑ ጆሮ ነው» ይሉ ነበር። «አእምሮው የተሳሳተ እንደሆነ ጆሮው ሰምቶ ምን ይሠራል?»

እኔ በቅየሳ ተመርቄ ያለ ሥራ ስንከራተት፣ መሣሪያ የሚሸከምና ቁጥር የሚጽፍ ሰው ሲፈልጉ ነው የተገናኘነው። ሰው ሁሉ «ዲያቆን» እያለ ስለሚጠራኝ እሳቸውም እንዲያው ይሉኝ ነበር። ድቁናዬ ግን ቀርቷል፤ ሚስቴን ያገባሁት በቁርባን ስላልሆነ ነው። ስሙ አንዴ ከተለጠፈ አይለቅም።

አመላቸው ክፉ ነበር፤ ስለሞቱ ብቻ መልአክ አላደርጋቸውም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ርዝመት አሥራ አንድ ሜትር ከዘጠና አራት ሆኖ ሳለ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን አዩት። «ዲያቆን፣ ስድስቷን ሳንቲም የት አደረግካት? በላሃት?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ደብተሩን ወደ ገደሉ ወረወሩትና፣ «ውረድና አምጣው፤ ስትመለስ እንደገና ትለካለህ» አሉ። ወርጄ፣ ወጥቼ፣ ለክቼ ስጨርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የባቄላ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ጥላ ሥር ጠበቁኝ። ቆሎው ሲሰበር የሚያወጣው ድምፅ ያን ዕለት እንዴት እንዳስጠላኝ! ዘገን አድርገው ሰጡኝና፣ «ያልለካኸውን አትማልበት» አሉኝ። ይህቺን ቃል ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደሰማኋት አላውቅም።

ወደ ማንኛውም ዋሻ ከመግባታቸው በፊት በጣታቸው አንጓ ድንጋዩን ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። «የሰው ቤት ሳያንኳኩ ይገባል እንዴ?» ይላሉ። ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድንጋዩ ጠንካራ ይሁን የላላ፣ ወፍራም ይሁን ስስ ከድምፁ ይለያሉ። ዓይናቸውን አስጨፍኜ፣ እኔ እያንኳኳሁ ፈትኜአቸው አውቃለሁ፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

ሥጋችን ስለማይገናኝ በየሄድንበት ገጠር የሚበሉት ሽሮ ነው። «አቦ፣ እኔ እኮ ከእናንተ ሁሉ የባስኩ ጾመኛ ሆንኩ!» እያሉ ባለቤቶቹን ያስቃሉ። ሰው ቤት ሲገቡ ቁጣቸውን ደጅ ትተውት ነው የሚገቡት።

ቋጥኝ ሚካኤል ያደግኩበት ደብር ነው። ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ ግንባሩ ወደ ፊት ከተንጠለጠለ ገደል ሥር ያለ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ነው። የገደሉ ግንባር ላይ ስንጥቅ ታይቷል ተብሎ ነበር ኢንጂነር እንድሪስ የተላኩት። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሕዝቡ እዚያ ሥር መቀደሱን ይቀጥል ወይስ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋ? የእሳቸው ፊርማ ያረፈበት ነገር ይሆናል።

የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ካሳ ድቁና ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ሳል የማይለያቸው፣ ነገር ጠያቂ። የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ጨርሰን ኢንጂነር እንድሪስ ላፕቶፓቸውን አለት ላይ አስቀመጡና ገደሉን አሳዩዋቸው። መምሬ ካሳ ጣታቸውን ሰደድ ሲያደርጉ ስዕሉ ግልብጥ አለ።

«ኧረ ኢንጂነር! ሚካኤልን ገለበጥኩት!»

«አብሽሩ አባ፣ እኔ እመልሰዋለሁ» አሉና ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ኢንጂነሩ ገደሉን ከላይ አሳዩአቸው። ከሥር ሆኖ የክር ያህል የሚታየው ስንጥቅ ከላይ ሲታይ ሰው እግሩን የሚያስገባበት ነበር፤ ግንባሩንም ከዳር እስከ ዳር ይዞ ሄዷል። መምሬ ካሳ ሳቃቸውን አቆሙ። «ይኸ ሁሉ በላያችን ነው?» አሉ። «በላያችሁ ነው አባ» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች ተዋደዱ። ኢንጂነር እንድሪስ ሲመጡ የመምሬ ባለቤት ሽሮውን ለእሳቸው ብቻ በተገዛች ድስት ትሠራላቸው ነበር፤ ያቺን ድስት ሥጋ ነክቷት አያውቅም።

ሞዴሉ ሲያልቅ አንድ ነገር ጎደለው። ዋሻው ሁሉ አለ፤ ቅኔ ማኅሌቱም ቅድስቱም ተነሥተዋል። መጋረጃው ካለበት ወዲያ ግን ጥቁር ቀዳዳ ነው፣ የወለቀ ጥርስ ቦታ ይመስላል። ያ መቅደሱ ነው። እዚያ ቄስና ዲያቆን እንጂ ሌላ አይገባም፤ የእኔም ድቁና ፈርሷል። የገደሉ ክብደት ደግሞ አብዛኛው የሚያርፈው በመቅደሱ የኋላ ግድግዳ ላይ ነበር።

ኢንጂነር እንድሪስ መጋረጃው አጠገብ እንኳ አልደረሱም። ከደጀ ሰላሙ ሆነው መምሬ ካሳን ለመኑ። በእጅ የሚያዝ የጨረር መለኪያ ሰጧቸው። መምሬ አገላብጠው አዩትና መለሱላቸው።

«አይሆንም ኢንጂነር። ጨረሩ ታቦቱ ላይ ያርፋል። እኔ በመቋሚያዬ እለካልዎታለሁ።»

ደብተር ወደ ገደል የሚወረውሩት ሰው ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። መቋሚያውን ተቀብለው ሦስት ጊዜ ለኩት፤ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት ሆነ። «ወለሉ ላይ እያጋደሙ፣ ጫፉ ያረፈበትን ምልክት እያደረጉ ይለኩልኝ» አሏቸው። «ከዚያ የኋላውን ግድግዳ በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት። ባዶ ከሆነ ያስተጋባል፤ እኔ ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የግድ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። በጦርነቱ ጊዜ፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ይዘረፋል የሚባል ወሬ ሲመጣ፣ መምሬ ካሳ አራት ዲያቆናት ሰበሰቡ። አንዱ እኔ ነበርኩ። በመቅደሱ የኋላ ግድግዳ ውስጥ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት ክፍል በመሮና በዶማ ፈለፈልን። ድንጋዩ ቀይና ለስላሳ ስለሆነ ሥራው እንዳሰብነው አልከበደም። ፍርስራሹን በቅርጫት እየተሸከምን ሸለቆ ውስጥ ደፋነው። የብራና መጻሕፍቱን፣ መስቀሉን፣ ከታቦታቱም አንዱን አስገብተን አፉን በድንጋይና በጭቃ ደፈንነው። መምሬ ካሳ መስቀላቸውን ይዘው፣ «ይህን ለሰው የተናገረ ውግዝ ከመ አርዮስ ይሁን» አሉን። ጦርነቱ አለፈ፣ ዕቃው ግን ከዚያ አልወጣም። «ዘመኑ አይታወቅም» ይሉ ነበር መምሬ።

አሁን ወደ መጋረጃው ልመለስ። መምሬ ካሳ ገቡ። መቋሚያው ወለሉን ሲነካ ይሰማናል። ከዚያ የማንኳኳት ድምፅ መጣ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እኔ ያንን ክፍል እንደ ቤቴ ስለማውቀው ድምፁ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። መምሬ ያንኳኩት የጎኑን ግድግዳ ነበር።

ሲወጡ ላብ ፊታቸው ላይ ነበር። «ወርዱ አራት መቋሚያ፣ ርዝመቱ ሦስት ከስንዝር» አሉ።

«ከኋላው ግድግዳ ወዲያስ አባ? ምን አለ?»

«ምን ይኖራል ኢንጂነር? ድንጋይ ነዋ! ድንጋይ ነው ተብሎ ተነግሮኛል፣ ድንጋይ ነው።»

ኢንጂነር እንድሪስ ጻፉት። እኔ የመሣሪያውን እግር አጥፌ ወደ ማቀፊያው አስገባሁ።

ላሊበላ በነበረችው ቢሮአችን ያንን ቀዳዳ ሲሞሉት አጠገባቸው ነበርኩ። ቁጥሮቹን አስገቡ፤ ፕሮግራሙ የቀረውን ባዶ ልሙላው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ያ ሁልጊዜ ፈጣን የሆነ ጣት አየር ላይ ቆመ። ብዙ ቆየ። ሻይ ላምጣ ወይ ብላቸው አልሰሙኝም። ከዚያ ተጫኑት። ጥቁሩ ቦታ አመድማ ሆነ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድፍን ድንጋይ። እኔ ጓደኞቼን ይዤ በመሮ የቦረቦርኩት ክፍል ነበር እዚያ ድፍን ሆኖ የተቀመጠው። አፌን ከፈትኩ። ግዝቱ ትዝ አለኝ፣ አፌን ዘጋሁ። «ትልቅ ክፍል አይደለም፣ ምን ያመጣል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያ ክፍል ምን እንደሚያመጣ ሊነግሩኝ የሚችሉት ሰው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

ስሌቱ ግድግዳው ክብደቱን ይችላል አለ። ኢንጂነር እንድሪስም ፈረሙ፤ ቤተ ክርስቲያኑ አይዘጋም፣ ስንጥቁ ላይ መለኪያ ይታሰር፣ ከአራት ሚሊሜትር በላይ ከተከፈተ ሳይረኑ ይጩህ። ሽቦው ቢበጠስም ይጮሃል። ሣጥኑን ስንተክል የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ለሙከራ ሲያስጮኹት አህዮቹ ደነበሩ፣ ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። መምሬ ካሳ በየማለዳው የሣጥኑን ቁጥር እያነበቡ ስልክ ይደውሉላቸው ነበር። «ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው ኢንጂነር።» «አልሐምዱሊላህ አባ።» «እግዚአብሔር ይመስገን።» የኅዳር ሚካኤል በደመቀ ሁኔታ ነገሠ። ሰው እልል እያለ ገደሉ ሥር ሲጨፍር ኢንጂነር እንድሪስ ከማዶው ጉብታ ላይ ቆመው ተመለከቱ። እንዳይደሰቱ የከለከላቸው ነገር እንዳለ ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ድካም መሰለኝ።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ዝናቡ በረታ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተቀምጠን የኢንጂነር እንድሪስ ስልክ ጮኸ። መልእክቱ «ሽቦ ተቋርጧል» የሚል ነበር። ወደ መምሬ ካሳ ደወሉ፤ አይነሣም። ደግመው ደወሉ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አነሡ።

ሳይረኑን ከሩቅ ነው የሰማነው። አይቋረጥም፤ እየደጋገመ ይጮሃል። ስንደርስ ሴቶች ነጠላቸውን አገልድመው ደረታቸውን ይመታሉ፣ ወንዶቹ በእጃቸው ድንጋይ ይፈነቅላሉ። ቅዳሴው አብቅቶ ብዙው ሰው ወጥቶ ነበር፤ የእግዜር ቸርነት እሱ ብቻ ነው። የገደሉ ግንባር አልወደቀም። የወደቀው ውስጡ ነበር። የመቅደሱ የኋላ ግድግዳ ወደ ውስጥ ሰምጦ ጣሪያውን ይዞት ወረደ። ከሥሩ መምሬ ካሳ፣ አንድ ዲያቆንና ከመጋረጃው ወዲህ ለጸሎት የቀሩ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ሦስቱም አልተረፉም። ግንባሩ ላይ ያሰርነው መለኪያ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አልተነቃነቀም። ሳይረኑ የጮኸው የሚወርደው ድንጋይ ሽቦውን ሲበጥሰው ነው፤ ሰው ካለቀ በኋላ።

ኢንጂነር እንድሪስ ሣጥኑን ከፍተው ድምፁን አጠፉ። ከዚያ ከሰው ጋር ተንበርክከው ይቆፍሩ ጀመር። ያችን የዋሻ ክፍል ያገኙት እሳቸው ናቸው። ግድግዳው ለሁለት ተከፍሎ፣ እኛ የቦረቦርነው ባዶ ቦታ ከነመሮው ፋና ታየ፤ ብራናዎቹ ጭቃ ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውም ነገር ከጎናቸው። እዚያው ቆመው ቀሩ። ቀጥሎ ያደረጉትን ዓይኔን እስክከድን አልረሳውም። ኮታቸውን አውልቀው የተጠቀለለውን ነገር ሳይነኩ ከላይ ጋረዱት፣ ጀርባቸውን ሰጡት፣ «ዙሩ! ሁላችሁም ዙሩ! ካህናት ጥሩ!» ብለው ጮኹ። ዝናቡ በሸሚዛቸው ላይ እየወረደ፣ ካህናቱ ከጎረቤት ደብር መጥተው አክብረው እስኪያነሡት ድረስ ጀርባቸውን እንደሰጡ ቆሙ።

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ኢንጂነር እንድሪስ ቆመው የተናገሩት ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። «ሞዴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያልለካሁትን ቦታ ሞልቼዋለሁ። በሞላሁት ላይ ፈርሜአለሁ። ሌላ ጥፋተኛ የለም።» ከኮሚቴው አንዱ፣ የውስጡን ልክ የሰጠው ማን እንደሆነ ጠየቃቸው። «የተቀበለው እኔ ነኝ» አሉና ተቀመጡ። ሟቹን ቄስ በመቃብራቸው ውስጥ ሊከሱ አልፈለጉም። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አልተነሣሁም። ግዝቱ ነው አላችሁኝ? ያን ዕለት ግዝቱ አልነበረም፤ ፈሪነት ነው።

ሥራውን ለቀው አገራቸው ገቡ። ስኳራቸው ጸናባቸው፤ አንድ እግራቸው ቆሰለ። ልጠይቃቸው የሄድኩት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ቆላው በሙቀት ይነዳል፤ እሳቸው ከቤታቸው ደጃፍ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል። «ዲያቆን!» አሉኝ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ያን ቀን ወስኜ ነበር የሄድኩት፣ ስለዚህ ሳልቀባባ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ያንን ክፍል ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ። መምሬ ገዝተውን ነበር። እየሞሉት ሳለ አጠገብዎ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ።»

አለቀሱ ወይም ተቆጡ ብል ደስ ባለኝ። ሁለቱንም አላደረጉም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ድንጋዩ ሲከፈት ነው ያወቁት?»

«አይ። ቀድሞ ነው። መምሬ ያንኳኩት የጎኑን ግድግዳ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ሳንኳኳ የኖርኩ ሰው ያ ይጠፋኛል? ለምን የኋላውን ሸሹት አልኩ። ያን ጊዜ ወደ አንተ ዞርኩ። አንተ የመሣሪያውን እግር ታጥፋለህ፤ ቀና ብለህ አላየኸኝም። እዚያ ዲያቆን ሆነህ እንደኖርክ አውቃለሁ። ልጠይቅህ ስል ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ያን ቀን፣ በመንገድ ስንመለስ፣ ደግሞም ቢሮ ውስጥ ስሞላው።»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበራ!» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ የድሮ ቁጣቸው ለአፍታ መጣ። «ከነገርከኝ ልዘጋው ነው። ወላሂ፣ የታየኝ ድንጋዩ አልነበረም። የታየኝ ወሬው ነው። ጦርነቱ ካለፈ ገና ሁለት ዓመት አልሞላ፣ የሰው ልብ ሁሉ ቆስሏል፤ ሚካኤልን እስላም ዘጋው ሲባል በጆሮዬ ሰማሁት፣ ሳይባል። ያ ቃል ከገደሉ ይልቅ ከበደኝ።»

«ማንም እንዲያ አይልም ነበር ጋሼ።»

«አዎ። አሁን አውቄዋለሁ። ሦስት ሰው ቀብረው እንኳ አላሉም። መምሬ ካሳ ቤት ለቅሶ ደረስኩ፤ ባለቤታቸው ከተቀመጠችበት ተነሥታ ‹አንቱ ምን ያርጉ፣ ያመጣው እግዜር ነው› ብላ እጄን ያዘች። በዚያች ድስት ሽሮ ሠርታ ‹ሳይበሉ አይሄዱም› አለችኝ። በላሁ። ምን ላድርግ፣ በላሁ።» ፊታቸውን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዞሩ። ስሰናበታቸው «ለልጄ አትንገራት» አላሉኝም፤ «ንገራት»ም አላሉኝም።

የለቅሶው ቤት የደረስኩት ወልዲያ አድሬ፣ በማግሥቱ ከዓስር ሶላት በኋላ ነው። ዳሱ ሞልቷል፤ ሼሆቹ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ልጆች ውሃ ያዞራሉ። ከኩልመስክ በኩል ሁለት ቄሶችና የመምሬ ካሳ ባለቤት ቀድመውኝ ደርሰው ነበር። ቄሶቹ ከሼሆቹ ጎን ተቀምጠዋል፤ እሷ ከሴቶቹ ጋር ናት። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ነው ኢንጂነር እንድሪስ የሰው ወሬ የፈሩት። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም።

ሰው ሲቀንስ ዘሐራ ወደ ጓሮ ጠርታ ወሰደችኝ። አስተማሪ ናት፤ የአባቷ ቀጥተኛነት አለባት። «ሳይለካ ፈረመ ይሉታል» አለችኝ። «የጻፉትን አንብቤአለሁ። አባዬን አውቀዋለሁ፣ እሱ ሳይለካ አይፈርምም። አንተ አብረኸው ነበርክ። ምንድን ነው የሆነው?»

ነገርኳት። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ግዝቱ፣ ስለ መቋሚያው፣ ስለ ዝምታዬ። ግዝቱን በዚያች ጓሮ አፈረስኩት፤ ምንም አልወደቀብኝም። እሷ አልጮኸችብኝም፣ አልሰደበችኝም። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠመዘዘች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ፈታ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ሲቀልላት ዓይኔ እያየ ነው።

«ስለዚህ አባዬ አያውቅም ነበር» አለች። «ተሸውዶ ነው። አያውቅም ነበር፣ አይደል?»

እንድሪስ እኔን አልጠየቁኝም። እኔ ለእንድሪስ አልተናገርኩም። መምሬ ካሳ ድንጋይ ነው ብለው አለፉ። ከሁላችን መሐል ዓይን ለዓይን እያየች የጠየቀች ይህቺ ልጅ ብቻ ናት።

«አያውቁም ነበር» አልኳት።

አቀፈችኝ። ትከሻዬ ላይ አለቀሰች፣ አመሰገነችኝ፣ ወደ ዳሱ ተመለሰች። ለእናቷ በጆሮዋ ስትነግራት አየሁ። እናትየው እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። እኔ ያቀረቡልኝን ሳልቀምስ ወጣሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ የምልከው ለዘሐራ ነው። ያውቁ ነበር ዘሐራ። አባትሽ ያውቁ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር።